ሕክምና ፈልጌ ፐብሊክ ሄልዝ ደረሰኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ፍሬሽማን ጨረስኩ። የሞላሁት ሕክምና ነበር፤ በጥቂት ነጥብ አመለጠኝና ፐብሊክ ሄልዝ ደረሰኝ። አባቴ «ታዲያ ምን ተብለሽ ልትጠሪ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሥራው ቢሮ ነው ወይስ በሽተኛ ይታያል? የተማራችሁት እውነቱን ንገሩኝ።

የደምቢያዋ፦
እህቴ፣ እኔም አልቅሼ ነው የገባሁት። ለአባትሽ «ጤና መኮንን እሆናለሁ» በያቸው። የጎንደሩ ኮሌጅ በ1947 የተከፈተው ጤና መኮንን ሊያሠለጥን ነው፤ ያኔ እዚሁ ጎንደር አጠገብ፣ ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ገጠር ስትወጪ «ዶክተር» ይሉሻል። እኔ ማረም ትቻለሁ።

ሥራው ሁለቱም ነው። ጠዋት ተመላላሽ ክፍል በሽተኛ ታያለሽ፤ ከሰዓት ሪፖርት ላይ ትቀመጫለሽ። መጀመሪያ የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ግድግዳው ላይ የወባ ሰንጠረዥ ተለጥፎ ነበር። ያለፉት 5 ዓመታት የየሳምንቱ ቁጥር አለ፤ የዘንድሮው እላዩ ላይ ይሰመራል። ለኢንስፔክሽን የተለጠፈ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ጥቅምት ላይ መስመሩ ሽቅብ ወጣ። መዝገብ ብንገልጥ አብዛኞቹ የአንድ ጎጥ ሰዎች ናቸው። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር በእግር ወረድን። ለመንገድ ሥራ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ ውሃ ቋጥሮ፣ የወባ ትንኝ እጭ ይርመሰመስበታል። አገሬው አካፋ ይዞ ወጣና ቦይ ቀዶ አፈሰሰው። ክፍሌ ቁጭ ብዬ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ስጽፍ ብከርም ያንን ጉድጓድ አላየውም ነበር።

ምሬትም አለው፣ አልደብቅሽም። የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ 7 ወር ዘግይቶብኝ በሱቅ ዱቤ ነው የኖርኩት።

ቢላዋ ያዥ፦
ቢሮ ካልወደድሽ የእኔን መንገድ እዪ። ኤችኦ (ጤና መኮንን) ሆኜ ገጠር ሠራሁ፤ ከዚያ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ ገባሁ፣ 3 ዓመት። አሁን በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሌሊት ተጠርቼ ቄሳሪያን እሠራለሁ። እንቅልፍ ከወደድሽ ግን ይቅርብሽ።

ኤክሴል፦
ሁሉም «ኤንጂኦ ግቢ» ይልሻል። ደመወዙ እውነት ነው፣ ዋስትናው ግን የለም። በኤችአይቪ ፕሮጀክት የመረጃ ባለሙያ ነበርኩ። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት መልሶ የወሰደኝ የጤና መረጃ የሚሞላበትን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስን ስለምችል ነው። ባዮስታትን (የጤና ስታቲስቲክስን) ለፈተና ብቻ አታጥኚው፤ እንጀራ ነው። ከመውጫ ፈተናው ሌላ የሙያ ብቃት ምዘና እንዳለብሽም አትርሺ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አያቴን ጠየቅኋት። «ጤና መኮንን? እነሱማ በበቅሎ እየመጡ መርፌ ይወጉን ነበር» ብላ ሳቀች። አባቴ ዝም አለ። ለቡድን ሥልጠና ገጠር የምንወጣበት፣ ቲቲፒ የሚሉት መቼ ነው?

የደምቢያዋ፦
የመጨረሻው ዓመት ላይ። በቅሎ የለም፤ ጥሩ ጫማ ግዢ።