ልጅ ይዞ ቁንዱዶ መውጣት ይቻላል?

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ቅዳሜ ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር በእግር የምንወጣው ኮረብታ እየፈለግኩ ነው። ጥላ ይኑረው እንጂ ሌላው ግድ የለኝም፤ የድሬ ፀሐይ አናታችንን በልታዋለች። ቁንዱዶ እንዴት ነው?

መልስ 1
አቦ፣ ልጁን አታሰቃየው! ቁንዱዶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው።

መልስ 2
እኔ አምና ከፉኛን ቢራ ከተማ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ከከተማዋ እንደወጣህ ባሕር ዛፍ አለ። ጥላው ደስ ይላል፣ የረገፈው ቅጠል ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሁለቴ ወደቅኩ። ግማሽ ላይ የጫማዬ ሶል ተላቀቀ። እንጨት የተሸከመች እናት አይታኝ ሳቀች፤ ከሸክሟ የተረፈ ገመድ ሰጠችኝና አስሬው ቀጠልኩ። አናቱ ሜዳ ነው፣ ሣር ብቻ። የዱር ፈረሶቹን ለማየት ነበር የለፋሁት፤ ያገኘሁት ፋንድያቸውን ነው። ትኩስ ነበር ግን! ውሃ በደንብ ያዝ፣ የአካባቢ ሰውም ይምራህ።

ለልጅ ከሆነ ሐኪም ጋራ ይሻላል። ከሐረር አጠገብ ነው፣ ከላይ በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ ቁልቁል ታያለህ። ጥላው ግን እዚህ ግባ አይባልም።

መልስ 3
ሐኪም ከሄድክ ሳይመሽ ውረድ። በማታ መንገዱ የጅቦቹ ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪም ጋራ ብዬ ለልጄ ነገርኩት፤ «መርፌ አለው?» አለኝ። ጅቡን አልነገርኩትም።