ለሽያጭ ሠራተኞቼ ስልክ ልግዛ ወይስ ስካነር ያለው መሣሪያ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ሳሙናና ፓስታ በጅምላ አከፋፍላለሁ። ሦስት ልጆች ወንጂ፣ ሞጆና ወለንጪቲ እየዞሩ ከየሱቁ ትዕዛዝ ይቀበላሉ። በደብተር ይጽፋሉ፣ ማታ እኔ ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ። ባለፈው ሳምንት 21 ካርቶን የሚለውን 12 ብዬ ገልብጬ፣ የቆየች ደንበኛዬን ዕቃ አሳጠርኳት። በጣም ከነከነኝ።

ለአንዱ ልጅ ተራ ስማርትፎን ሰጥቼ ሞከርኩ። ባርኮድ በካሜራ ያነባል፣ ግን የካርቶኑ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ እንቢ ይላል። ልጁ ካርቶኑን ወደ ጥላ እያዞረ፣ ስልኩን እያራቀና እያቀረበ ይቆማል። ባለሱቁ እስከዚያ ሌላ ሰው ማስተናገድ ይጀምራል። ከሰዓት 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ባትሪው ያልቃል። ፓወር ባንክ ገዛሁለት፤ በአንድ እጅ ስልክ፣ በሌላው ፓወር ባንክ ይዞ ዕቃ መቁጠር አልተመቸውም።

አሁን ሁለት መሣሪያ ለይቻለሁ። አንዱ ባርኮድ ማንበቢያ የተገጠመለት ዜብራ ቲሲ26 ነው፤ ስክሪኑ 5 ኢንች ነው፣ ሲም ይቀበላል። ቲሲ21 ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ ለመንገድ አይሆነኝም። ሌላው ሳምሰንግ ኤክስከቨር 7 ነው፤ ስክሪኑ 6.6 ኢንች፣ ባትሪው 4,050 ሚሊአምፒር ሰዓት። ባርኮድ የሚያነበው ግን በካሜራ ነው። ሁለቱም አንድሮይድ ናቸው፣ የሁለቱም ባትሪ ወልቆ ይቀየራል።

አንድ ልጅ በቀን ከ40 እስከ 50 ጊዜ ባርኮድ ያነባል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የተጠቀማችሁ፣ የኤክስከቨሩ ካሜራ ፀሐይ ላይ ይበቃል ወይስ ስካነር የግድ ነው?