ፕሮቲን ስኪመር፦ ኤር ስቶን፣ ቬንቹሪ ወይስ ኒድል ዊል?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ዱባይ 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ክላውንፊሽና ትንሽ ሶፍት ኮራል ነው ያለው። ስኪመር (የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ልገዛ ስል አንዱ በኤር ስቶን ነው፣ አንዱ ቬንቹሪ፣ አንዱ ኒድል ዊል ይሉኛል። ሁሉም አረፋ አይደል እንዴ የሚያወጣው? ልዩነቱን የምታውቁ በናታችሁ።

መልስ፦
አዎ ወንድሜ መሰረቱ አንድ ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ የሚወጣው ፕሮቲንና ቅባት አየርና ውሃ የሚገናኙበት ላይ ይጣበቃል፣ አረፋው ይዞት ይወጣና ኩባያው ውስጥ ይጠራቀማል፣ በስብሶ ናይትሬት (ውሃው ውስጥ የሚጠራቀም ብክለት) ሳይሆን ወጣልህ ማለት ነው። የሚለየው አረፋው አፈጣጠር ላይ ነው። ኤር ስቶኑ (አየር በቀዳዳዎቹ የሚነፋበት ቁራጭ)፣ በተለይ ከእንጨት የተሰራው፣ ደቃቅ አረፋ ይሰጣል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ቶሎ ይደፈናል፣ እየቀየርክ መኖር ነው። ቬንቹሪ ላይ ውሃው በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና አየሩን ራሱ ይስበዋል፣ ግን ጠንካራ ፓምፕ ይፈልጋል። ኒድል ዊል የፓምፑ ኢምፔለር (የሚሽከረከረው ክፍል) ላይ መርፌ የመሳሰሉ ጥርሶች አሉት፣ የገባውን አየር ይከታትፈውና ውሃው ወተት ይመስላል፣ መብራትም ብዙ አይበላም። ላንተ ታንክ ይሄን ውሰድ።

ሌላ መልስ፦
እሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን የሳምፑ (ስኪመሩ የሚቀመጥበት፣ ከታንኩ ስር ያለው የውሃ ሣጥን) የውሃ ከፍታ እንዳይዋዥቅ፣ ከፍ ካለ ኩባያው ይገነፍላል። የስኪመሩን አንገትም (አረፋው ወደ ኩባያው የሚወጣበትን) ቶሎ ቶሎ ጥረገው፣ ቅባት ሲጋገርበት አረፋው ሳይወጣ ይፈርሳል። አዲስ ሲሆን መጀመሪያ ሰሞን ምንም ካላወጣ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦
ለወርቅ ዓሣስ ይሆናል?

መልስ፦
አይሆንም እህቴ፣ ጨው በሌለው ውሃ አረፋዎቹ እየተዋሃዱ ይተልቃሉ፣ ቆሻሻ አይዙም። ጥሩ ፊልተር ግዢና ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ።