ተመልካች ቲያትር የሚመርጠው በምንድን ነው? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የቲያትር ቡድን አለን። ኮሜዲ ስናሳይ በር ላይ ግፊያ ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ዋጋ፣ በነዚያው ተዋንያን ትራጄዲ ስናቀርብ ግን የሚሞላው የፊቱ ረድፍ ብቻ ነው። እሱም በዘመድ!

"ሰው መሳቅ ነው የሚፈልገው" ይሉኛል። አልዋጥልህ አለኝ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው ኦቴሎ እኮ የለየለት ትራጄዲ ነው፤ ግን ተወዷል። ታዲያ የሚስበው ምንድን ነው? ከቴሌቪዥን የሚታወቅ ፊት? የጓደኛ ወሬ? ወይስ ሰው የማታ ታክሲ ፈርቶ ነው የሚቀረው? ፖስተራችንም ጥቁር በጥቁር ነው፤ ለቅሶ ቤት ይመስላል የሚሉ አሉ።

እባካችሁ፣ መጨረሻ ያያችሁትን ቲያትር አስቡና ንገሩኝ። ትኬቱን ያስቆረጣችሁ ምንድን ነው? አይታችሁ ያለፋችሁትስ ለምን?