የዘንድሮው የአጋዘን አደን ዕቅዳችን፦ ክሮስቦው ወይስ ደጋን?

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ለመጪው የአደን ወቅት አንድ የጋራ ሐሳብ ጽፈን፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ግቢያቸውን ለአደን ለሚፈቅዱልን ሰዎች ማሳየት አለብን። ባለፈው ስብሰባ ሰዓቱን የበላው የመሣሪያው ክርክር ነው፦ በእጅ የሚሳበው ደጋን ወይስ ክሮስቦው፣ ማለትም ቀድሞ ተስቦ በቃታ የሚለቀቀው። እዚህ በጽሑፍ እንጨርሰው።

መነሻው ይህ ነው፦ «አዲስ አባላት በክሮስቦው ይጀምራሉ። የቆዩት የፈለጉትን ይይዛሉ።» ክሮስቦው በቨርጂኒያ ከ2005 ጀምሮ ፈቃድ ላለው አዳኝ ሁሉ በደጋን ወቅት ተፈቅዷል። ስለዚህ የሕግ ጥያቄ የለብንም። የምንወስነው እኛ ነን።

የስፕሪንግፊልዱ አባል
ጸሐፊያችን እናመሰግናለን፣ ግን በዚህ አልስማማም። ደጋን የያዘ ሰው ከሜይ ጀምሮ ይለማመዳል። ጡንቻውም ዓይኑም አብሮ ይሠለጥናል። ያ ልምምድ ትዕግሥት ያስተምረዋል፤ የማይመታውን ትቶ ማሳለፍን ያውቃል። ክሮስቦው ግን ሰው ቅዳሜ ገዝቶ ሰኞ ዛፍ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ተኩሱን ቶሎ ይለምዳል፣ አደኑን ግን አያውቅም። ቆስሎ የሚያመልጥ አጋዘን የሰው ጓሮ ገብቶ ሲሞት ማን ሊፈቅድልን ነው በሚቀጥለው ዓመት?

የአሌክሳንድሪያዋ አባል
ጋሼ፣ ስለ ትዕግሥቱ ያሉት ልክ ነው። ግን እኔ ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ ደጋን መሳብ አልችልም። በዕድሜ የገፉ አባላትም አሉን። ኮምፓውንዱ፣ ጫፎቹ ላይ መንኮራኩር ያለው ደጋን እንኳ፣ ገመዱ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ነው የሚቀልለው፤ የ70 ፓውንድ መሳቢያ ጉልበት ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሙሉውን መሳብ አለብኝ። ያውም አጋዘኗ 20 ያርድ ላይ ቆማ እያየችኝ። ክሮስቦው ቀድሞ የተሳበ ነው። ያ እንቅስቃሴ የለበትም። ለእኔ ይህ ማለት አደን ወይም እቤት መቀመጥ ነው።

የሬስተኑ አባል
በሁለቱም አድኛለሁና ልጨምር። ክሮስቦው ጠመንጃ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሰደፍ፣ ቃታና መነጽር ስላለው ነው። ቀስቱ በሰከንድ 350፣ 400 ጫማ ይበራል፣ ከዚያም በላይ የሚሄድ አለ። ጥሩ ኮምፓውንድ 300 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፣ ጫካ ውስጥ ግን ያን ያህል አይደለም። የክሮስቦው ድምፅ ይጮኻል። አጋዘን ድምፁን ሰምታ ቀስቱ ሳይደርስ ዝቅ ትላለች። 50 ያርድ ላይ ሳንባ ያነጣጠረ ሰው ጀርባዋን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም መሣሪያ አንድ የርቀት ገደብ እናስቀምጥ። እኔ 30 ያርድ እላለሁ። ከዚያ በላይ ማንም አይልቀቅ።

ጎኗን ስትሰጥ ወይም ፊቷን ትንሽ ወደዚያ ስታዞር ብቻ ይለቀቅ። ከዛፍ ላይ ወደ ታች መተኮሱ ግዴታ ይሁን፤ የሳተ ቀስት መሬት ይገባል፣ የጎረቤት አጥር አያልፍም። ከተመታች በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። ቀስት የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ቶሎ ከተከተሏት ትሮጣለች፣ ትጠፋለች።

ክሮስቦው የራሱ አደጋ አለው፤ ይህን አዲሶቹ ይስሙ። አውራ ጣት ቀስቱ ከሚያርፍበት ሐዲድ በላይ ከወጣ ገመዱ ይቆርጠዋል። ያለ ቀስት ከተለቀቀ ራሱ ይሰበራል። ዛፍ ላይ ሲወጣ ሳይሳብ፣ ባዶውን፣ በገመድ ነው የሚጎተተው። ማታ ደግሞ ብዙዎቹ ዓይነቶች ገመዳቸው የሚላላው በመተኮስ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሆን አሮጌ ቀስት መያዝ ያስፈልጋል።

የስፕሪንግፊልዱ አባል
30 ያርዱን እቀበላለሁ። ፈተናውም ለሁለቱም አንድ ይሁን። ከዛፍ ላይ፣ በአደን ልብስ፣ በተሳለ ቀስት። ያላለፈ በዚህ ዓመት ረዳት ሆኖ የቆሰለችውን በደም ዱካዋ ይከታተል። ይህ ከገባ ክሮስቦውን አልቃወምም።

የሴንተርቪሉ አባል
እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የምንነጋገረው ስለ መሣሪያ ብቻ ነው። አጋዘኗስ? ኖቬምበር ሲገባ፣ ወንዶቹ ሴቶቹን ሲያባርሩ፣ ማታ መንገዱ ያስፈራል። ካውንቲው የአጋዘን ቁጥጥር ፕሮግራም ያቋቋመው 1997 ላይ መኪና ከአጋዘን ጋር ተጋጭቶ ሰው በሞተበት አደጋ ምክንያት ነው። ዛሬ በፓርኮቹ ውስጥ ከሚወገደው አብዛኛው በቀስት የሚገደል ነው። በሰፈር መሀል ጠመንጃ የማይሆንበት ቦታ ብዙ ነውና።

እና ማንን ነው የምንገድለው? ሁሉም ሰው ቀንዳሙን ይፈልጋል። ቀንዳም ቢሞት መንጋው አይቀንስም። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል። ጥሩ መኖ ያላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ተኩላና ተራራ አንበሳ ከዚህ ከጠፉ ቆይተዋል። ካልተነካ መንጋው በጥቂት ዓመታት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ የኦክ ችግኝ ሳያድግ ይበላል፣ ጫካው ከታች ባዶውን ይቀራል፣ መሬት ላይ የሚሠሩ ወፎች ጎጆ ያጣሉ። መዥገሩም አለ። ወደ ሰው የምታስተላልፈውን የላይም በሽታ መዥገሯ የምታገኘው በዋናነት ከአይጥ ነው፣ የምትራባው ግን አጋዘን ላይ ሆና ነው።

ስለዚህ አንድ መስመር ይጨመር፦ ማንኛውም አባል ቀንዳም ከመግደሉ በፊት አንዲት ሴት አጋዘን ይግደል። ስቴቱ በእኛ ካውንቲ ሁለተኛ ቀንዳም የሚፈልገውን ሰው ቀድሞ ቀንድ የሌላት እንዲገድል ያስገድዳል። እኛ ከመጀመሪያው እንጀምር።

የሬስተኑ አባል
ይህን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ዊስኮንሲን 2014 ላይ ክሮስቦውን ለሁሉም ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት በክሮስቦው የሚገደለው በደጋን ከሚገደለው በለጠ። እዚያ እስከ ዛሬ የሚያጨቃጭቀው ክሮስቦው የያዘው ሰው ቀድሞ ትልልቁን ወንድ ይወስዳል የሚለው ነው። ኦሃዮ ደግሞ ክሮስቦውን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከደጋን እኩል ፈቅዳ ኖራለች፣ አጋዘንም አላለቀባትም። ለመንጋው ወሳኙ የሚገደለው ስንት ሴት አጋዘን ነው የሚለው ነው። በምን ተገደለች የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ
ከማኅበሩ ሣጥን ለአዲሶቹ የጋራ ክሮስቦው መግዛት ይቻላል። ግን መነጽሩ በአንድ ሰው ዓይን ከተስተካከለ በኋላ እየዞረ ሲሄድ ስለሚዛነፍ፣ የተረከበ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ኢላማ ላይ ያረጋግጥ። የዛፍ ላይ የደኅንነት ቀበቶ ከክሮስቦው በፊት ይገዛ። ይህን አልለቅም፤ አዳኝን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከዛፍ መውደቅ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ አባል
ስለ ሥጋው ማንም አላነሳም። ክትፎ ሊያደርጉት የሚያስቡ እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ ይቅር። የዱር ሥጋ ሰውን የሚያሳምሙ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክና ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም አይቶት የመጣ የልኳንዳ ሥጋ አይደለም። በደንብ የበሰለ ጥብስ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ወጥ ይሁን። ሲ.ደብልዩ.ዲ. የሚባለው የአጋዘን በሽታም ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ እሱን ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ ምርመራ ያለበት አካባቢ የገደለ ናሙና ሰጥቶ ውጤት ይጠብቅ።

የሴንተርቪሉ አባል
እኛ ሙስሊሞቹ ቀስቱን ስንለቅ ቢስሚላህ ብለን ነው፤ ነፍስ ካላት ደርሰን እናርዳለን። የኦርቶዶክስ ወንድሞች በዚህ ላይ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ሥጋው ሲከፋፈል ማን የገደለው እንደሆነ ይጻፍበት፣ ማንም እንዳይቸገር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጥሩ ተነጋገራችሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ አደኑ ግን ይቀጥላል። በጾሙ የሚገኘውን ሥጋ «ሃንተርስ ፎር ዘ ሃንግሪ» ለሚባለው የእርዳታ ድርጅት በሚቀበሉት ሥጋ ቤቶች በኩል ለተቸገሩ እንስጥ። ፍሪጅ ውስጥ ከሚከርም የራበው ይብላው። እሑድም አስተውሉ፤ በዚያ ቀን ከአምልኮ ቤት በ200 ያርድ ውስጥ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ይህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«አባላት ክሮስቦው ወይም ደጋን ይመርጣሉ። ሁለቱም አንድ ፈተና አላቸው፣ ከዛፍ ላይ፣ በአደን ልብስ። ከ30 ያርድ በላይ አይተኮስም። መጀመሪያ የምትገደለው ሴት አጋዘን ናት። ሁሉም ቀበቶ ያስራል። የገደለ በሕጉ መሠረት ያስመዘግባል፤ ያቆሰለም ያልተገኘች እንኳ ብትሆን ለማኅበሩ ይናገራል። ሥጋው ለአባላት ይከፋፈላል፤ በጾም የተገኘው ለእርዳታ ይሰጣል።»

የቆሰለችውን ያስገባሁት የስፕሪንግፊልዱ ጋሼ ስላነሱት ነው። የግቢው ባለቤት ከእኛ ይስማ እንጂ ከጎረቤት አይስማ። በሁለቱ መሣሪያዎች የቆሰሉትን ለየብቻ እመዘግባለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት በራሳችን ቁጥር እንነጋገራለን።

የስፕሪንግፊልዱ አባል
ተስማምቻለሁ። ለአዲሶቹ የዛፍ ላይ ልምምዱን እኔ አሠለጥናለሁ፤ ክሮስቦው የያዙትንም ጭምር። የከተማው የቀስት ወቅት በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ፈተናው ከዚያ በፊት በኦገስት ይሁን።