ናፍጣ ፖርሽ ካየን ለአዲስ አበባ መሀል ከተማ ይሆናል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከሳር ቤት

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ወዳጄ ከአገር ሊወጣ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ ፖርሽ ካየኑን እንድገዛው ጠይቆኛል። መኪናው ከጀርመን የገባ፣ ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ናፍጣ ሞተርና ኮድ 2 ሰሌዳ ያለው ነው። በዚሁ ሰሞን ደግሞ አንድ ደላላ በዕድሜ እኩያው የሆነ ባለ 3.6 ሊትር የቤንዚን ካየን በተቀራራቢ ዋጋ አሳይቶኛል።

ቤቴ ሳር ቤት፣ ሥራዬ አራት ኪሎ ነው። ጠዋት ልጆቼን ሜክሲኮ አካባቢ ትምህርት ቤት ካደረስሁ በኋላ በለገሃርና በመስቀል አደባባይ በኩል በመጨናነቁ ውስጥ እያዘገምሁ እሄዳለሁ። በወር አንድ ጊዜ ያህል ወላጆቼን ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን ደርሼ እመለሳለሁ። ማወቅ የምፈልገው የስፖርት መኪና በመሥራት የሚታወቅ ድርጅት ናፍጣ ሞተር የጫነበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ ሞተሩ የራሱ ይሁን ከሌላ የተወሰደ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእኛ ከፍታ፣ በእኛ ናፍጣና በእኛ የትራፊክ መጨናነቅ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያዋጣኝ ነው። የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሞተር ታሪክ ወዳድ፣ ፒያሳ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ ገበያ ነው። ፖርሽ ካየንን ይዞ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን «ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና የሚሠራ ድርጅት ይህን ግዙፍ መኪና ምን አመጣው?» ብለው ያኮረፉ ደጋፊዎች ብዙ ነበሩ። ሆኖም አውሮፓ ውስጥ የዚህ ዓይነት ከባድ መኪና የሚገዛ ሰው ባብዛኛው የሚጠይቀው ናፍጣ ነው፤ ተፎካካሪዎቹ ቢኤምደብሊው ኤክስ5፣ መርሴዲስ ኤምኤልና ቮልስዋገን ቱዋሬግ ሁሉም ናፍጣ ሞተር ነበራቸው። ፖርሽ እስከ 2009 ድረስ ከታገሠ በኋላ እርሱም ገባበት።

ሞተሩ የፖርሽ አይደለም። ኦዲ ያበለጸገውና ሃንጋሪ ውስጥ በጆር ከተማ የሚመረት ሲሆን፣ በኦዲ ኪው7ና በቱዋሬግ ላይም የሚገኘው ይኸው ቤተሰብ ነው። ካየን ላይ ሲጫን 240 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። ባለ 3.6 ሊትሩ ቤንዚን 290 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም የመጠምዘዝ ኃይሉ 385 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ድርጅቱ ለናፍጣው ያወጣው ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 9.3 ሊትር ነበር። የነዳጅ ታንከሩ 100 ሊትር ስለሚይዝ በአንድ ሙሌት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል ይባል ነበር፤ አባባሉ ለጀርመን አውራ ጎዳና እንጂ ለሜክሲኮ አደባባይ እንዳልሆነ እርስዎም አያጡትም።

በነገራችን ላይ ናፍጣ ለፖርሽ ስም እንግዳ ነው የሚለው ወቀሳ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1963 ድረስ በፖርሽ ንድፍና ስም የሚሸጡ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ናፍጣ ሞተር ያላቸው ቀያይ የእርሻ ትራክተሮች ይመረቱ ነበር።

መልስ፦ መካኒክ፣ ተክለ ሃይማኖት

ከከፍታው ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እንጦጦ ሲወጡ ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደላላው ያሳየዎት የቤንዚን ካየን በወረቀት ላይ 290 የፈረስ ጉልበት ቢባልም እዚህ የሚሠራበት 225 ገደማ ነው። ናፍጣው ቱርቦ ስላለው የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ስለዚህ የሚጎድልበት በጣም ያነሰ ነው። ቱርቦው ለዚህ ሲል ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር ስላለበት፣ ከቆመበት ሲነሣ ትንሽ ያመነታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዳገት ሲወጣ ሁለቱን ቢያወዳድሩ ልዩነቱ ሳይነገርዎት ይገባዎታል።

የናፍጣው ጣጣ ያለው ጭሱ ላይ ነው። ይህ መኪና እኛ መካኒኮች ዲፒኤፍ የምንለው የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ያጠራቀመውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው በውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ሳይቆራረጥ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይኖርበታል። ከሳር ቤት አራት ኪሎ በጠዋቱ ሰልፍ ይህ ፈጽሞ አይገኝም። ሞተሩ ማጽዳት ሲጀምር ተጨማሪ ናፍጣ ስለሚረጭ፣ እርስዎ መሀል ላይ ባጠፉት ቁጥር ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይቱ መጠን ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ብሎ ካገኙትና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተዎት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እንዲህ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ቱርቦና ኩሽኔታ ይበላል።

የደብረ ብርሃኑ ጉዞ ይጠቅማል፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም። በየሳምንቱ አንድ ቀን ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ በቀለበት መንገዱ ላይ ሳይቆሙ ቢነዱት ወይም በአዳማው ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱ ድረስ ደርሰው ቢመለሱ ማጣሪያው ዕድሜ ያገኛል። ይህን ማድረግ የማይችሉ ከሆነ ናፍጣውን አይግዙት።

ስለ ናፍጣችንም ልጨምር። የአውሮፓ ናፍጣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ10 ክፍል በላይ ድኝ እንዳይኖረው በሕግ የተወሰነ ሲሆን፣ ሞተሩም ማጣሪያውም የታሰቡት ለዚያ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ማጣሪያውን ቶሎ ይሞላዋል፣ ውኃ የገባበት ናፍጣ ደግሞ የከፍተኛ ግፊት ፓምፑንና ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይፍቃል። ስለዚህ ብዙ መኪና ከሚያስተናግድ ማደያ ይቅዱ፤ የናፍጣ ፊልትሮውንም ድርጅቱ ለመለወጫ ካዘዘው ርቀት ግማሹን ሲሄዱ ያስለውጡ። ዘይት ሲገዙ ሻጩ «የናፍጣ ነው» ስላለዎት ብቻ አይውሰዱ፤ ማሸጊያው ላይ 507.00 የሚለውን የቮልስዋገን ደረጃ ይፈልጉ። ሌላ ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል፣ አመድ ደግሞ ምንም ያህል ቢሞቅ አይቃጠልም።

ሊያዩት ሲሄዱ ሞተሩ እንዳይነሣ ለወዳጅዎ ከማታው ይንገሩት፤ ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል። ከዚያ በፊት ግን ነጭ ሶፍት በጣትዎ ጠቅልለው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ በኩል ይጥረጉ። ማጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ሶፍቱ ላይ የሚቀረው ግራጫ አቧራ ብቻ ነው። እንደ ከሰል ከጠቆረ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወይም አንድ ሰው ቆርጦ ሆዱን አውጥቶታል ማለት ነው።

መልስ፦ የቱዋሬግ ባለቤት፣ ካዛንቺስ

ተመሳሳይ ሞተር ያለው ቱዋሬግ ስለምነዳ መካኒኩ ያሉትን በአብዛኛው እስማማበታለሁ። የነዳጁን ነገር ግን ልቡናዎ አያጋንነው፤ መሀል ከተማ ውስጥ የእኔ ከ12 ሊትር በታች ወርዶ አያውቅም፣ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ሲወጣ ነው ወደ 9 የሚጠጋው። ደግሞም ማደያ ላይ የናፍጣው ሰልፍ ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ጋር መሆኑን አይርሱ።

ማጣሪያው ሲሞላ ርካሹ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርብልዎት ቆርጦ ባዶ ማድረግ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ የእኔን ሳይጠይቀኝ እንዲያ አድርጎ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ግን ሳያስተካክል ስለመለሰልኝ፣ መኪናው ባዶውን ማጣሪያ ለማጽዳት ያለማቋረጥ ናፍጣ ሲረጭ ከረመ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱም አልጠፋ አለ። ሕፃናት ትምህርት ቤት በር ላይ በሚቆሙበት መንገድ ጥቁር ጭስ እያጨሱ መሄድ ከገንዘቡም በላይ የሚያሳፍር ነው።

ሲሞክሩት ቀስ ብለው ከቆመበት ያስነሡትና ከወለሉ ሥር፣ ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ገደማ፣ የሚያንኳኳ ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ። ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ፣ የካርዳኑ፣ የመሀል ኩሽኔታ በዚህ ትውልድ ካየንና በቱዋሬግ ላይ የታወቀ በሽታ ነው። መለዋወጫውን በፖርሽ ካርቶን ከመግዛትዎ በፊት የቮልስዋገኑን ወይም የኦዲውን ቁጥር ይጠይቁ፤ ብዙ የሞተር ዕቃ አንድ ሆኖ ዋጋው ግን ይለያያል። ሶማሌ ተራ ሁሉንም አያገኙም፣ አንዳንዱን ከዱባይ ማስመጣት ግድ ይላል።

መልስ፦ የሰንጋ ተራው

እኔ ደግሞ ቤንዚኑን ይውሰዱ እላለሁ። 550 ኒውተን ሜትር ይዞ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ጉልበቱን ምን ያደርግበታል? ቤንዚኑ የጥቀርሻ ማጣሪያ የለውም፣ ቱርቦ የለውም፣ በመጨናነቅ ውስጥ ሲውል የሚጎዳዎት ኪስዎን ብቻ ነው። ካንዴላና ኮይል ማንም ጋራዥ ይለውጥልዎታል።

መልስ፦ በለገሃር ቢሮ ያለኝ

የመሸጫ ዋጋውም ይታሰብ። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ናፍጣን ከነአካቴው እንደሚተው ያስታወቀው፣ እርሱም ኦዲም ያሉበት የቮልስዋገን ቡድን የናፍጣ መኪናዎቹን የጭስ ምርመራ ማጭበርበሩ ከተጋለጠበት ቅሌት በኋላ ነው። በ2015 መጨረሻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ባለ 3.0 ሊትሩን ናፍጣ ሞተር በክሱ ውስጥ አካተተው፤ በ2017 የጀርመን የትራንስፖርት ሚኒስትር ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ያሟላሉ ተብለው የተሸጡትን ባለ 3.0 ሊትር ካየኖች ለእርማት እንዲጠሩ አዘዙ፤ በ2019 ደግሞ ድርጅቱ 535 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። የወዳጅዎ መኪና ከዩሮ 6 በፊት የተሠራ ስለሆነ የ2017ቱ ጥሪ አይመለከተውም። የጭሱን መርዛማ ጋዝ ለመቀነስ አድብሉ የተባለውን ፈሳሽ የሚፈልገው ሥርዓትም ኋላ የመጣ ነው፤ ይህም ለእርስዎ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ከጠፋ በኋላ አልነሣም ይላል።

አገራችን ከ2024 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለች አሁን ያሉት ካየኖች በቁጥር አይጨምሩም። ይህ ዋጋቸውን ይደግፋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መለዋወጫ ለማስመጣት የሚደፍር ነጋዴም አብሮ ይቀንሳል ባይ ነኝ።

ወረቀቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ወዳጅዎ በውጭ ድርጅት ሲሠራ መኪናውን በቀረጥ ነፃ መብት አስገብቶት እንደሆነ፣ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳየውን የጉምሩክ ሰነድ በዓይንዎ ይዩ፤ ሰሌዳው ኮድ 2 መሆኑ ብቻውን አያሳምንዎ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ያመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣሩ፣ ክፍያውንም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርባችሁ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አይጨርሱ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወዳጄ የጉምሩኩ ሰነድ በእጁ እንዳለ ነግሮኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቀኝ ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የማጣሪያውን ሁኔታ በሶፍቱ ካየሁ በኋላ በኮምፒውተር ማስመርመር ያስፈልገኛል ወይስ ያ ይበቃል?

መካኒኩ፦

አይበቃም። ሶፍቱ ማጣሪያው መኖሩን እንጂ ምን ያህል እንደሞላ አይነግርዎትም። የቮልስዋገን ቡድን መኪናዎችን በቅጡ የሚያነብ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ይውሰዱት፤ የጥቀርሻውን መጠን፣ የአመዱን መጠን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ራሱን ካጸዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደና ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ያሳይዎታል። ጥቀርሻው ብቻ ከበዛ በአዳማው መንገድ ሊቃጠል ስለሚችል አያስፈራም፤ አመዱ ከሞላ ግን ማጣሪያው ተፈትቶ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት፣ ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ ቁጥሮቹን ፎቶ አንሥተው ከላኩልኝ እኔም አያቸዋለሁ።