ወንጪ ሐይቅ ዳር የጫማዬ ሶል ተላቀቀ! ቶሎ መልሱልኝ

ቢጫ ጃንጥላ — ከቀኑ 8፡40
ሰላም ለሁላችሁ። ወንጪ ነኝ፣ ታች ሐይቁ ዳር። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከተረከዙ ጀምሮ ተገንጥሎ አሁን ጣቴ ጋ ብቻ ነው የያዘው። በተራመድኩ ቁጥር እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። ዳገቱን እንዴት ነው የምወጣው? ማጣበቂያ የለኝም። ሱቅም አይታየኝም። ሳይመሽ ላይ መድረስ አለብን። ቀልድ ለሌላ ቀን ይቆየን በናታችሁ።

የኮተቤ ልጅ — 8፡43
ወንድሜ ሱፐር ግሉ አድርግበት። በአንድ ደቂቃ ይይዛል።

ቢጫ ጃንጥላ — 8፡44
የለኝም አልኩ እኮ! ደግሞ እህት ነኝ።

ሲያትል ነዋሪ — 8፡47
ይቅርታ ግን፣ ለሐይቅ ዳር ሽርሽር ቦት ጫማ ማን አድርጊ አለሽ? እኛ እዚህ ግሪን ሌክን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዞራለን። አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ጋሪ፣ ውሻ፣ ሁሉም በሸራ ጫማ ነው። ችግሩ ሶሉ ሳይሆን ምርጫሽ ነው።

ገደል ማሚቶ — 8፡50
@ሲያትል ነዋሪ ወንድሜ ግሪን ሌክ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው፣ አስፋልትም አለው። ወንጪ ድስት ነው። መኪናህን ድስቱ ከንፈር ላይ አቁመህ ወደ ውስጥ ትወርዳለህ። ስትወርድ ሽርሽር ነው። ስትመለስ ነው እናትህን የምትጠራው።

መምህሩ — 8፡58
ጥሩ ነጥብ ተነሥቷል። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአዲስ አበባ ሰው እንኳን እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። በሐይቁ ውስጥ ያለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ፍል ውሃም በአካባቢው ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ስንሄድ አስቀድመን መዘጋጀት ይገባናል።

ገደል ማሚቶ — 9፡00
መምህር፣ ልጅቷ በአንድ ጫማ ቆማለች።

ቀበና — 9፡01
ሶሏን የፈነቀለው እሳተ ገሞራው ይሆን?

እማማ ጀበና — 9፡04
ልጄ፣ ማን አብሮሽ አለ? ውሃ ይዘሻል? ደጋ ነው፣ ፀሐይዋ ዘወር ስትል ብርዱ አጥንት ይገባል። መጀመሪያ ነጠላሽን ወይ ሹራብሽን ደርቢ። ጫማው ይደርሳል።

ቢጫ ጃንጥላ — 9፡06
እሺ እማማ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ አሉ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ላይ ቀርታለች፣ ብርድ ላይ ትጠብቀናለች። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

የኮተቤ ልጅ — 9፡07
ሱፐር ግሉ ከሌለ ማስቲካም ይሞከራል።

ቀበና — 9፡09
አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አምጥቷል። አንቺ አንዲት ዳገት?

ገደል ማሚቶ — 9፡10
አበበ የሮጠው አስፋልት ላይ ነው። ወንጪ ላይ ጠጠርና የፈረስ ፋንድያ ነው ያለው። በባዶ እግር እንዳትሞክሪው።

ባለ ማስቲሽ — 9፡12
እህቴ፣ እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልጠይቅሽ። የተገነጠለውን ሶል ጠርዙን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ይፈረፈራል ወይስ ጠንካራ ነው? ጫማውስ ስንት ዓመቱ ነው?

ሲያትል ነዋሪ — 9፡13
አሁንም እላለሁ፣ ሸራ ጫማ።

ቢጫ ጃንጥላ — 9፡16
@ባለ ማስቲሽ ይፈረፈራል! ልክ እንደ ደረቀ ኬክ። ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ግን ጫማው አዲስ ነው። አክስቴ ከጀርመን የላከችልኝ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያደረግኩት። ሰባት ዓመት ካርቶን ውስጥ በሥርዓቱ ነበር።

ባለ ማስቲሽ — 9፡24
ይኸው ነው ነገሩ። አዲስ አይደለም። ያልተነካ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። የእንዲህ ዓይነት ቦት መሐለኛው ሶል ብዙ ጊዜ ፖሊዩሪቴን ከሚባል እንደ ስፖንጅ ካለ ነገር ይሠራል። ቀላልና ምቹ ነው፣ ግን ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ በዓመታት ውስጥ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ተደርጎ የሚውል ጫማ ይሻላል፣ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠው ይብሳል። ላይ ቆዳው ሲታይ እንደ ሙሽራ ነው። እኔ ጋ በወር ሁለት ሦስት እንደዚህ ይመጣል፣ ሁሉም «አዲስ ነው» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ማስቲሽ ይዤ አጠገብሽ ብኖር እንኳን አይሠራም ነበር። ማስቲሽ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ነው። የተፈረፈረ ላይ ብትቀቢው ማስቲሹ ፍርፋሪውን ይይዝና ፍርፋሪው ሶሉን ይለቃል። @የኮተቤ ልጅ ሱፐር ግሉም ያው ነው፣ እሱማ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ተጣጣፊ ቦታ ላይ ጭራሽ አይሆንም።

አሁን የምታደርጊው ማሰር ነው። የጫማ ክር አትጠቀሚ፣ ክሩ ከወጣ ጫማው ራሱ እግርሽ ላይ አይቆምም። ገመድ ፈልጊ። እዚያ አገር እንሰት የሌለው ጓሮ የለም፣ ቃጫ አይጠፋም። ሁለት ቦታ እሰሪው። አንዱ ዙር ከጣቶችሽ ኋላ እግርሽ ሰፋ የሚልበት ላይ፣ ሌላው መሐል እግርሽ ጎድጎድ የሚልበት ላይ። ቋጠሮው ከላይ ይሁን፣ ከሥር ከሆነ ይቆረቁርሻል፣ ድንጋይም ይበላዋል። ዳገት ስትወጪ ሸክሙ ጣት ላይ ስለሆነ የፊተኛውን ጠበቅ አድርጊ። ግራውንም አሁኑኑ እሰሪ። አንድ ቀን የተሠሩ ናቸው፣ አንድ ቀን ነው የሚሞቱት።

ተጓዥ 22 — 9፡27
ልክ ነው። እኔ ላይ ብሥራተ ገብርኤል ፊት ለፊት ነው የደረሰብኝ፣ ታክሲ ይዤ ገባሁ። ትርፍ ካልሲ ካለሽ ከገመዱ በላይ ጫማው ላይ አልብሺው፣ ጭቃ ላይ አያንሸራትትም።

ገደል ማሚቶ — 9፡29
ካልሲ ጭቃ ይዞ ሁለት ኪሎ ይሆናል። ተዪው።

ተጓዥ 22 — 9፡30
ሞክረኸዋል?

ገደል ማሚቶ — 9፡30
አልሞከርኩም።

እማማ ጀበና — 9፡33
ጃንጥላሽንም እጠፊና ምርኩዝ አድርጊው እንጂ። ስምሽ ላይ አይደል ያለው?

ወሊሶ ሠፈር — 9፡35
እኔ የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝ። ለምን ትደክማላችሁ? ፈረስ አለ አይደል? ባለ ፈረሶቹና አስጎብኚዎቹ በማኅበር የተደራጁ ናቸው፣ ሐይቁ ዳር ካላየሻቸው ሰው ጠይቂ ይጠሩልሻል። ዋጋውን ሳትወጪ ተስማሚ። ወጥተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ ክርክሩ ያንቺ አይሆንም። በኦሮምኛ ፈረስ «ፈርዳ» ነው፣ ገመድ «ፉኞ»። ሁለቱን ቃል ካወቅሽ ተረፍሽ። መኪናችሁ ራሱ ግን ወደ ታች አይመጣም?

ቢጫ ጃንጥላ — 9፡41
ሹፌሩ ጎማ ፈንድቶበት ወሊሶ ጎሚስታ ጋ ነው። እዚያም አንዱ ተላቋል በሉኝ።

ቀበና — 9፡42
ጎሚስታው ጋ ካለ አሮጌ ካላማዳሪያ ይዞልሽ ይምጣ። ከቃጫ ይልቅ ያ ነው የሚያጠብቅ፣ ስለሚለጠጥ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

ባለ ማስቲሽ — 9፡44
እውነቱን ነው። ካላማዳሪያ በቀለበት ተቆርጦ ከጫማው ላይ ቢጠለቅ ከገመድ ይበልጣል። ግን እሱ እስኪመጣ ይመሻል። በቃጫው ውጪ፣ ጎማው ለነገ ይሁን።

ሲያትል ነዋሪ — 9፡50
ነገ ደግሞ ልትሄድ ነው?!

ቢጫ ጃንጥላ — 9፡53
ነገ ሌላ ቦታ ነበር ያሰብነው፣ እናቴም የምትችለው ቀለል ያለ። በዚህ ጫማ ይሆናል?

መምህሩ — 10፡02
ለእናትሽ ሐዋሳ ይመከራል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሜዳ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ ጠዋት አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ አጥማጆቹ ሲያራግፉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ሲጠብቁ ታያላችሁ። ነገር ግን ከዚያ ድረስ የመኪና መንገዱ ረጅም ነው። ቀረብ ያለ ካላችሁ ቢሾፍቱ አለ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሆራም ባቦጋያም የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆኑ እስከ ውሃው መውረድ ያስቸግራታል፣ ከላይ ከአፋፉ ማየት ግን ይቻላል። እንጦጦ ፓርክም የተነጠፈ መንገድ አለው።

ገደል ማሚቶ — 10፡04
መምህር ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን።

ባለ ማስቲሽ — 10፡06
ለሜዳ ከሆነ ኮንጎ ጫማም ይበቃል፣ ወሊሶ ገበያ አታጡም። ቦቱን ግን አትጣይው። ቆዳው ደህና ከሆነ ሶል ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። አሮጌው ተፍቆ ይወጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ሁለቱም ወገን ማስቲሽ ይቀባል፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ ሞቅ ተደርጎ ይመታል። ዙሪያውን ካልሰፋልሽ አትክፈዪው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሊስትሮ የሚሸውደው፣ ቀብቶ ብቻ ይሰጥሻል፣ በሳምንቱ ትመለሺያለሽ።

ቢጫ ጃንጥላ — 10፡15
ቃጫ አገኘሁ!! «ፉኞ» ስላቸው አንዲት እናት ሳቁና ከጓሮ አምጥተው ራሳቸው አሰሩልኝ። እኔ የማስረውን አይተው ፈቱት። ቋጠሮው ከላይ ነው። ባለ ፈረሱም መጥቷል፣ ወንድሜ እየተከራከረ ነው። ባትሪዬ 4 ፐርሰንት ነው፣ ላይ ስደርስ እጽ

እማማ ጀበና — 10፡17
እግዚአብሔር ይከተልሽ ልጄ።

ተጓዥ 22 — ማታ 1፡30
ወጣሽ?

ባለ ማስቲሽ — ማታ 2፡10
ግራው ያዘ? እሱን ንገሪኝ ብቻ።

ገደል ማሚቶ — በማግስቱ
@ተጓዥ 22 ቤቴ ግቢ ጭቃ ላይ ካልሲውን ሞከርኩት። አያንሸራትትም። ሁለት ኪሎም ሆኗል።

ባለ ማስቲሽ — ከአራት ቀን በኋላ
ኧረ ልጅቷ?

ውሃ ልክ — ከሦስት ሳምንት በኋላ
ሰላም፣ ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። ላንጋኖ ነኝ፣ አሸዋው እሳት ሆኗል፣ የሸበጤ ማሰሪያ ከጣት መሐል ተበጠሰ። መኪናው ሩቅ ነው። ምን ላድርግ?

የኮተቤ ልጅ — ከሦስት ሳምንት በኋላ
ሱፐር ግሉ።